ፋኑ አይዞርም? የፋን ሞተር ከመግዛትዎ በፊት ሶኬቱን ነቅለው ይዩት

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ሥራዬ ፒያሳ አካባቢ ነው። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1991 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ኤሲ የላትም። እንጦጦን ስወጣም ስወርድም ምንም አትልም። ሽሮ ሜዳ ደርሼ መንገዱ ሲዘጋጋ ግን ታፈላለች። ውሃው በፕላስቲኩ ማጠራቀሚያ በኩል ይገነፍላል። የራዲያተሩ ፋን ሲዞር አይቼ አላውቅም። አንድ መካኒክ መጀመሪያ ቴርሞስታቱን (ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ቫልቭ) አውጥቶ ጣለው። ለውጥ የለም። ቀጥሎ የፋኑን ሴንሰር ሶኬት ነቀለና ሽቦውን ቦዲ ላይ አስነካው። ፋኑ አልዞረም። ‹የፋኑ ሞተር ሞቷል፣ ግዛ› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹ፋኑን ከቁልፉ ዳይሬክት ልሰርልህና ተገላገል› ይላል። የዳሽቦርዱ የሙቀት መርፌ በደንብ ስለሚሠራ ሴንሰሩ ደህና ይመስለኛል። አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኛል። ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ ቁልፉን ስከፍት ከፊት በኩል የሆነ ነገር ሲዞር የሰማሁ መሰለኝ። መካኒኩ ‹አይደለም› ብሎኛል። የማንን ምክር ልከተል?»

የሁለቱንም አይከተሉ። የሰሙት ድምፅ እውነት ከሆነ ግን ነገሩ ግማሽ ተፈትቷል። የዞረው ፋኑ ራሱ ነው። የሞተ የፋን ሞተር ደግሞ ሶኬት ስለተነቀለ ከሞት አይነሳም።

ስህተቱ ያለው ፍተሻው ላይ ነው። መካኒኩ ያደረገው ለሌላ መኪና ትክክል ነው፤ ለእርስዎ መኪና ግን ተገላቢጦሽ ነው። ይህችን አንድ ነገር ያላወቀ ሰው ደህናውን ፋን አስጥሎ ሌላ ያስገዛል። አዲሱም አይዞርም። ቀጥሎ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ እየተሳበ ትልቁን መስመር የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) ያስገዛል። መጨረሻ ላይ «ይሄ መኪና ኤሌክትሪኩ ተበላሽቷል» ብሎ እጁን ያነሳል። በሰው ላይ ብቻ አልፈርድም። እኔ ራሴ ሙያውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ኮሮላ ላይ ደህና የፋን ሞተር አስቀይሬያለሁ። አዲሱ አልዞር ሲለኝ ተናድጄ ሶኬቱን ስነቅለው ተነሳ። የመኪናው ባለቤት አሮጌውን ሞተር እስከ ዛሬ አስቀምጦታል፤ ባገኘኝ ቁጥር ያነሳብኛል።

የፋን ስዊች፣ እኛ በልማድ ሴንሰር የምንለው፣ ከመብራት ማብሪያ ብዙም አይለይም። የሚያበራው የሰው እጅ ሳይሆን የውሃው ሙቀት ነው። ውሃው የተወሰነ ዲግሪ ሲደርስ መስመሩን ያገናኛል፣ ወይም ይለያያል። በቃ፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ኤሌክትሪክ ፋን ባላቸው ላዳዎች፣ በቮልስዋገን፣ በፔጆና በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ስዊቹ ሲቀዘቅዝ የተለያየ ነው፤ ሲሞቅ ይገናኛል። ሲገናኝ ፋኑ ይነሳል። እነዚህ ላይ ሶኬቱን ነቅለው መስመሩን ቢያገናኙ ፋኑ መዞር አለበት። የእርስዎ መካኒክ የለመደው ይህን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ባለሙያ እጁን ያፍታታው በሰማያዊዋ ላዳ ታክሲ ላይ ነው!

የዚያ ዘመን ቶዮታ ግን ሌላ መንገድ ይዟል። ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ ስዊቹ የተገናኘ ነው። ከሪሌው የሚመጣውን ሽቦ ከቦዲ ጋር አያይዞ ሪሌውን ስቦ ይይዘዋል። የተሳበው ሪሌ ደግሞ ወደ ፋኑ የሚሄደውን መስመር ያቋርጣል። ውሃው 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስዊቹ ይለያያል፣ ሪሌው ይለቃል፣ ፋኑ ይነሳል። ውሃው ወደ 83 ዲግሪ ሲወርድ ስዊቹ ተመልሶ ይገናኛል፣ ፋኑም ይቆማል። ይህ የተደረገው መካኒክን ለማደናገር አይደለም። ሽቦው ቢበጠስ ወይም ሶኬቱ በመንገድ ላይ ቢወልቅ ፋኑ ሳያቋርጥ ይዞራል። ጫጫታው ይረብሽዎታል እንጂ ሞተር አይቃጠልብዎትም።

እንግዲህ ሽቦውን ቦዲ ላይ ማስነካት ማለት ለፋኑ «ውሃው ገና ቀዝቃዛ ነው፣ አርፈህ ተቀመጥ» ማለት ነው። ፋኑም የታዘዘውን ፈጸመ። እርስዎ ድምፁን የሰሙት ሽቦው ቦዲ ከመንካቱ በፊት በነበረችው አፍታ ነው።

ነገ ጠዋት ራስዎ ይሞክሩት። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ስዊቹን ይፈልጉ፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት ቴርሞስታቱ የሚቀመጥበት ቤት ላይ ወይም ራዲያተሩ ላይ ከታች በኩል የተጠመዘዘ የነሐስ ቁራጭ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ሽቦ ብቻ አለው። የዳሽቦርዱ መርፌ መለኪያም እዚያው ቅርብ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን አያምታቱ። ቁልፉን ይክፈቱ፤ ሞተሩን ግን አያስነሱ። ፋኑ ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት። አሁን ሶኬቱን ይንቀሉ። ፋኑ ወዲያው መነሳት አለበት። ሽቦውን ቦዲ ቢያስነኩት ይቆማል። ይህን ሲያደርጉ እጅዎ፣ ሻርፕዎ፣ የጋቢዎ ጫፍ ከፋኑ ይራቅ። የሱሉልታ ጠዋት ጋቢ እንደሚያስለብስ አውቃለሁ፤ ኮፈኑን ሲከፍቱ ግን ያውልቁት።

ፋኑ ከተነሳ በአንድ ሙከራ አራት ነገር አረጋግጠዋል፦ የፋኑ ሞተር፣ ፊውዙ፣ ሪሌውና ዋናው ሽቦ ደህና ናቸው። አንድ ሳንቲም አላወጡም። ካልተነሳ ፊውዙን ይዩ፤ የፋኑ ፊውዝ ብዙውን ጊዜ 30 አምፒር ነው። ቀጥሎ ሪሌውን፣ ከዚያ ከባትሪ በቀጥታ መስመር ሰጥተው የፋኑን ሞተር ይፈትሹ። በቀጥታ ተሰጥቶትም ካልዞረ ያኔ መካኒኩ ልክ ነበር ማለት ነው። ግን በጻፉልኝ ምልክት እዚያ የምንደርስ አይመስለኝም።

ስለ መርፌው የጻፉትን ላርም። የዳሽቦርዱ መርፌ መሥራቱ ስለ ፋኑ ስዊች ምንም አይነግርዎትም። ሁለቱ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። የመርፌው መለኪያ ሙቀት በጨመረ ቁጥር የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ቀስ እያለ የሚቀንስ ነው፤ ሽቦውም ወደ ዳሽቦርድ ይሄዳል። የፋኑ ስዊች ወይ ይገናኛል ወይ ይለያያል፤ ሽቦው የሚሄደው ወደ ሪሌው ነው። ኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫ ያላቸው ሞዴሎች ላይ ደግሞ ለኮምፒውተሩ ብቻ የሚሠራ ሦስተኛ ሴንሰር አለ። አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው ሊሞት ይችላል። ሱቅ ሄደው «የሙቀት ሴንሰር ስጠኝ» ካሉ ከሦስቱ የትኛው እንደሚሰጥዎት ዕድልዎ ይወስነዋል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስበው ነገር ልምጣ። ፋኑ ሶኬቱ ሲነቀል ከተነሳ ሁሉም ሰው «እንግዲያው ስዊቹ ነው» ይላል። ላይሆን ይችላል። እርስዎ የሚኖሩት ከፍታ ላይ ነው። በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ መሃል፣ 2,300 ሜትር አልፎ፣ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሱሉልታ ደግሞ ወደ 91 ይወርዳል። እንጦጦ ጫፍ ላይ 90 ገደማ ነው። ባቄላና ሽምብራ እኛ ጋ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገይ ያውቃሉ። ራዲያተርዎም ያው ድስት ነው።

ስዊቹ የሚለያየው ደግሞ በ93 ዲግሪ ነው። ልዩነቱን አዩት? ውሃው ያለ ግፊት ከሆነ 93 ሳይደርስ ይፈላል። ሲፈላ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፣ ውሃው ይጎድላል፣ ስዊቹም 93 ዲግሪን ሳያይ መኪናው አፈላ። ስዊቹ ውሃው ከራዲያተር ወደ ሞተር በሚመለስበት በኩል የተቀመጠ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። የሚያየው ትንሽ በረድ ያለውን ውሃ ነው፤ ላይ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ውስጥ ያለው ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ስዊቹ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ፋኑ አንድም ቀን ላይነሳ ይችላል።

ይህን የሚከለክለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳን ውሃ እንዳይፈስ መክደኛ ብቻ ይመስለናል። ሥራው ግፊት መያዝ ነው። የቶዮታው ክዳን ላይ ብዙውን ጊዜ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ያንን ግፊት ከያዘ ውሃው በአዲስ አበባ ከፍታም ቢሆን እስከ 114 ዲግሪ አካባቢ አይፈላም። ያኔ ስዊቹ 93 ላይ ተረጋግቶ ሥራውን ይሠራል። የክዳኑ ላስቲክ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ራዲያተርዎ ክዳኑ የተነሳለት ድስት ነው።

ክዳኑን ለመፈተሽ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ይክፈቱት። ሲሞቅ በፍጹም! ግፊት የያዘ ውሃ በክዳኑ ሲወጣ ፊትና እጅ ይልጣል፤ ይህን ጋራዥ ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የላስቲኩን ጠርዝ ያጥፉትና ይዩ፤ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ይጣል። መሃሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በጥፍርዎ ሳብ ያድርጉ፤ ተስባ መመለስ አለባት። አንድ ሌላ ምልክትም አለ። ደህና ክዳን ሞተሩ ሲሞቅ ትርፍ ውሃ ወደ ፕላስቲኩ ማጠራቀሚያ ይልካል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይስባል። የእርስዎ ማጠራቀሚያ ጠዋትም ሞልቶ፣ ራዲያተሩ ግን ጎድሎ ካገኙት ክዳኑ አልሳበም። «ውሃው ይገነፍላል» ያሉት ነገር ወደዚህ ያመላክተኛል።

ታዲያ ጥፋተኛው ክዳኑ ነው ወይስ ስዊቹ? የሚለየው ቀላል ነው። አዲስ 0.9 ክዳን ይግጠሙ። ራዲያተሩን አፍ እስከ ገደፉ ይሙሉ። መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቁመው ሞተሩን ያስነሱና ይጠብቁ። 20 ወይም 25 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል፤ በሱሉልታ ብርድ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ከርቀት ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ያለው ሰው ካገኙ የስዊቹን አካባቢ ይለኩ። ፋኑ 93 ገደማ ላይ ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ ዞሮ ከቆመ ስዊቹ ጤነኛ ነው። ሙቀቱ 98፣ 100 አልፎ ፋኑ ዝም ካለ ስዊቹ ተጣብቋል፣ ወይም የስዊቹ ሽቦ የሆነ ቦታ ላይ ተልጦ ቦዲ እየነካ ነው። ሽቦው ቢሆን ኖሮ ሶኬቱ ሲነቀልም ፋኑ ባልተነሳ ነበር። ስለዚህ ስዊቹ ይቀራል። መለኪያ ከሌለዎት መርፌው ከግማሽ በደንብ ሲያልፍ ሙከራውን ያቁሙ፤ ሶኬቱን ይንቀሉና ፋኑ ያቀዝቅዘው። ለሙከራ ብለው ሞተር አይቀቅሉ።

አንዳንዱ ሰው ስዊቹን ፈትቶ ድስት ውስጥ መቀቀል ይወዳል። ጥሩ ሙከራ ነው፤ የጥገና መጻሕፍትም ይመክሩታል። ግን መጻሕፍቱ የተጻፉት ውሃ 100 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር ነው። እርስዎ ሱሉልታ ላይ ቀቅለውት ውሃው እየተንተከተከ ስዊቹ አልለያይ ሲል «ይኸው፣ ሞቷል» ይላሉ። አልሞተም! የፈላው ውሃ 91 ዲግሪ ነው፤ ስዊቹ የሚጠብቀው 93 ነው። በዚህ ምክንያት የተጣለ ደህና ስዊች ቁጥሩን ፈጣሪ ይወቀው። መፍትሔው ጨው ነው። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 350 ግራም ያህል ጨው ቢሟሟ የመፍያው ነጥብ ወደ 98 ዲግሪ ከፍ ይላል። ስዊቹን በሽቦ አንጠልጥለው ክሩ ድረስ ይንከሩት፤ የድስቱን ታች አይንካ፣ የሽቦ መሰኪያው አይርጠብ። የቴስተሩን (መስመር ሲገናኝ የሚጮኸውን መለኪያ) አንድ ጫፍ መሰኪያው ላይ፣ ሌላውን ነሐሱ ላይ ያድርጉ። ሲቀዘቅዝ ቴስተሩ መጮህ አለበት፤ 93 አካባቢ ዝም ማለት አለበት፤ ውሃው ወደ 83 ሲወርድ ተመልሶ መጮህ አለበት። ሁለት ሦስት ዲግሪ ወዲህ ወዲያ ቢል አያሳስብም። ሲጨርሱ ስዊቹን በንጹህ ውሃ ይጠቡት። ድስቱም ከዚያ በኋላ የጋራዥ ድስት ነው፣ ወደ ወጥ አይመለስም።

ቴርሞስታቱን ማውጣት የአገራችን የተለመደ መድኃኒት ነው። ሞተር ሞቀ ሲባል የመጀመሪያው ተከሳሽ እሱ ነው። ተጣብቆ ሳይከፈት ቀርቶ ከሆነ አዎ፣ መለወጥ አለበት። አውጥቶ ባዶ መተው ግን ሌላ ነገር ነው። በእነዚህ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ከታቹ ያለችው ሳህን አቋራጩን መንገድ ትዘጋለች፤ ውሃው በሙሉ በራዲያተሩ እንዲያልፍ ታስገድዳለች። ቴርሞስታት ከሌለ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ከሞቀው ውሃ የተወሰነው ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ለማቀዝቀዝ ብለው ያወጡት ዕቃ በጭነት ጊዜ ጭራሽ ሊያሞቅ ይችላል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል። 82 ዲግሪ የሚል ቴርሞስታት ገዝተው ይመልሱት። ዳር ላይ ያለችው ትንሽ ተንቀሳቃሽ ፒን ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚወጣው በእሷ ነው።

ዳይሬክት ማሰር ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አያስደርጉት። የሚሠራበት መንገድ ይታወቃል፦ ቀጭን ሽቦ ከቁልፉ ወይም ከዳሽቦርድ ማብሪያ ተስቦ በቀጥታ ወደ ፋኑ ይሄዳል፤ ፊውዝ የለ፣ ሪሌ የለ። ፋኑ እንደ መጠኑ ከ6 እስከ 10 አምፒር ይስባል፤ ሲነሳ ደግሞ ለአፍታ ከዚያም በላይ። ቀጭኑ ሽቦ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዳሽቦርድ ሥር ጭስ ይነሳል። በእጅ የሚበራ ማብሪያ ከተገጠመ ደግሞ አንድ ቀን ይረሱታል። አንድ ቀን ብቻ ይበቃል። የሞተርዎ ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፤ ክፉኛ ሲሞቅ ይጎብጣል፣ ከሥሩ ያለው መዝጊያ ንጣፍ፣ ጋስኬቱ፣ ይቃጠላል፣ ከዚያ ብረት ወደሚያስተካክሉበት ቶርኖ ቤት ነው። የሚያስቀው ነገር ደግሞ የእርስዎ መኪና ዳይሬክት ማሰር አያስፈልጋትም። ሶኬቱን መንቀል ራሱ ዳይሬክት ነው፤ ያውም በፋብሪካው ሪሌና ፊውዝ።

ስለዚህ ዕቃው እስኪገኝ ሶኬቱን ነቅለው ይንዱ። የተነቀለውን ጫፍ በፕላስተር በደንብ ጠቅልለው ከብረት ያርቁት፤ ቦዲ ከነካ ፋኑ ይቆማል። ቁልፉ በተከፈተ ቁጥር ፋኑ ይዞራል፤ ሞተሩ ጠዋት ዘግይቶ ይሞቃል። ለሳምንት፣ ለሁለት ሳምንት ችግር የለውም። ለዓመት ግን አይደለም፤ የፋኑ ሞተር ካርቦንና ቡሽ ያለ ምክንያት ያልቃል።

ስዊች ለመግዛት መርካቶ ሶማሌ ተራ ቢሄዱ ክሩ የሚገጥም ብዙ ዓይነት ያገኛሉ። ወጥመዱ እዚያ ነው። የሌላ የጃፓን መኪና ስዊች ክሩ ልክ ሊሆንና አሠራሩ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። እሱን ከገጠሙ ፋኑ በብርድ ይዞራል፣ ሲሞቅ ይቆማል! ቴስተር ይዘው ይሂዱ። በሱቁ ጠረጴዛ ላይ፣ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከመሰኪያው ወደ ነሐሱ ይለኩት። መጮህ አለበት። ካልጮኸ የእርስዎ አይደለም፤ ሻጩ «ያው ነው» ቢልዎትም አይግዙ። አሮጌውንም ይዘው ይሂዱ፤ የመሰኪያው ቅርጽ አንድ መሆን አለበት። ያገለገለና አዲስ ከቀረበልዎት አዲሱን ይውሰዱ። ያገለገለ የፋን ሞተር አምኜ እገዛለሁ፤ ያገለገለ ስዊች ግን አልገዛም፤ ዋጋው ለዚያ አያበቃም።

መግጠሙ ከባድ አይደለም። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ውሃው ትንሽ ይቀነስ፣ አሮጌው ይፈታ፣ አዲሱ ከነቀለበቱ ይግባ። በኃይል አያጥብቁት፤ አሉሚኒየም ውስጥ የገባ የነሐስ ክር ነው፣ ክሩ ከተበላ ሌላ ጣጣ ነው። ነጩን የቧንቧ ፕላስተር በክሩ ላይ የሚጠቀልል ካለ ያስቁሙት። አንድ ሽቦ ያለው ስዊች ከቦዲ ጋር የሚገናኘው በክሩ በኩል ነው። ፕላስተሩ ያንን ግንኙነት ከዘጋ አዲሱ ስዊች ከጅምሩ «ውሃው ሞቋል» ብሎ ፋኑን ሲያዞር ይውላል፤ እርስዎም «አዲሱም ተበላሸ» ይላሉ።

ውሃ ሲሞሉ አየር እንዳይቀር ይጠንቀቁ። ስዊቹ ጋ የአየር ኪስ ከቀረ ሙቀቱን በትክክል አያይም። የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ዳገት ይሁን፤ ሱሉልታ ዳገት አይቸግርም። የውስጥ ማሞቂያውን ሙቅ ላይ ያድርጉ፤ ክዳኑን ሳይዘጉ ሞተሩን አስነስተው የራዲያተሩን የላይ ጎማ ጨመቅ ለቀቅ ያድርጉ፣ አረፋው እስኪቆም። ከቻሉ ግማሽ ኩላንት ግማሽ ንጹህ ውሃ ይጠቀሙ። የጉድጓድ ውሃ ማዕድኑን ስዊቹ ላይ ይጋግራል፤ የተጋገረበት ስዊች ሙቀቱን ዘግይቶ ያያል። ኩላንቱ የመፍያ ነጥቡን ጥቂት ዲግሪ ያሳድጋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የሱሉልታ ውርጭ ሌሊትም ውሃው በረዶ እንዳይሠራ ይከላከላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ብታፈላስ? ያኔ ጥፋቱ ፋን አይደለም። በጠዋት ቀዝቃዛ ሞተር አስነስተው ክዳኑ ክፍት ሳለ ውሃው ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ካዩ፣ የላይኛው ጎማ ገና ሳይሞቅ ከጠነከረ፣ የዘይቱ መሙያ ክዳን ላይ ቡና በወተት የመሰለ ነገር በብዛት ካለ፣ ወይም ነጭ ጭስ ካልቆመ የቴስታታ ጋስኬት ነው የምንጠረጥረው። ምልክትዎ ግን ይህን አይመስልም። የጋስኬት ችግር ቢሆን እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ሲወጡ ቀድሞ ይታይ ነበር። በጉዞ ላይ ነፋሱ የፋኑን ሥራ ይሠራል፤ ሽሮ ሜዳ ቆመው ነፋሱ ሲጠፋ ፋን የሌለው መኪና ይጋለጣል። የእርስዎ ታሪክ ይኸው ነው።

እንግዲህ ቁርጥ ያለ ምክሬ። የፋን ሞተር አይግዙ፣ ዳይሬክት አያስሩ። ነገ ሶኬቱን ነቅለው ፋኑ መዞሩን በዓይንዎ ይዩ። ከዞረ መጀመሪያ ክዳኑንና ቴርሞስታቱን ይግዙ፤ ሁለቱም በማንኛውም ሁኔታ ያስፈልጉዎታል። ሶኬቱን መልሰው ሰክተው ግቢ ውስጥ ያሙቋት። አሁንም ፋኑ ካልተነሳ ብቻ ስዊቹን ይለውጡ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያሉ ኮሮላዎችን የሚጥላቸው የለም፤ የእርስዎም በአንድ ክዳን ምክንያት ቴስታታዋ ሊጎብጥ አይገባም።

እስከዚያው ሽሮ ሜዳ ላይ ካፈላች ዳር ይያዙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ኮፈኑን ይክፈቱ፣ የራዲያተሩን ክዳን አይንኩ። ሶኬቱን ነቅለው ቁልፉን ብቻ ቢከፍቱ ፋኑ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያ ሞተሩ መቀዝቀዙን አረጋግጠው ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዘው ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ ውሃ ሲጨምሩ ሞተሩን አስነስተው ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ የሚገለብጥልዎት በጎ ፈቃደኛ መንገደኛ አይጠፋም። አመስግነው ጀሪካኑን ይቀበሉትና ራስዎ ይጨምሩ።